ቁልፉ ቢዘጋም ሙቀቱ አይጠፋም

ሞተር ሲጠፋ ድምፁ ወዲያው ይቆማል። ድምፁ ስለ ቆመም ብዙዎቻችን ሞተሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚቀዘቅዝ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ረጅም ዳገት ወጥቶ የቆመ ሞተር ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ውሃው ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይብስ ይግላል። ይህን ባለማወቅ ፊቱንና እጁን የተቃጠለ ረዳት ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ነዳጁ ከሚሰጠው ኃይል መኪናውን ለመግፋት የሚውለው በግምት ሲሶው ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ወደ ብረቱ ይገባል። ይህንን ሙቀት በፓምፕ የሚዞረው ውሃ ተቀብሎ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል፤ በዚያም ነፋስ ያበርደዋል። ቁልፉ ሲዘጋ ግን በብዙ መኪኖች ፓምፑም አብሮ ይቆማል። እሳቱ ጠፍቷል፤ ዳሩ ግን መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ ከውሃው ይልቅ የጋለ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ በዙሪያው ወደ ቆመው ውሃ ይገባል። እናቶቻችን ይህን ከምጣድ ያውቁታል፤ እሳቱ ከሥሩ ከተሳበ በኋላ ምጣዱ በያዘው ግለት የመጨረሻዋን እንጀራ ያበስላል።

ከዚህ በኋላ ሞተሩ በእርግጥ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ሆኖም አካሄዱ እኩል አይደለም። አይዛክ ኒውተን በ1701 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ የጋለ ነገር ከአካባቢው አየር ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ ቶሎ፣ ሲጠብ ደግሞ ቀስ ብሎ ይበርዳል። አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ሞተሩ ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ከ90 ወደ 60 ለመውረድ ከፈጀበት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል።

በአገራችን ደጋ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከደብረ ሲና ተነሥቶ ጣርማ በር የደረሰ መኪና ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወጥቷል፤ በዚያ ሥፍራ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። አንድ የቸኮለ ሰው ክዳኑን የከፈተ እንደ ሆነ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ውሃውም በቅጽበት ፈልቶ በእንፋሎት ታጅቦ ወደ ፊቱ ይተፋል።

እዚህ ላይ ለወጣት ባለሥልጣኖቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ዳገቱ አልቆ መኪናው ሲቆም፣ «ጋሼ፣ የመንግሥት ናፍጣ ለምን ያልቃል? ያጥፉት እንጂ!» ማለት የተለመደ ነው። ሾፌሩም «ጥቂት ይተንፍስ ብዬ ነው፣ ልጄ» ሲሉ እንደ ስንፍና ይቆጠርባቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ ፍርዱን ለሾፌሩ እንሰጣለን። ሞተሩ ጤናማ ከሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ቢሠራ ውሃው እየዞረ የቴስታታውን ግለት ያወርዳል፤ ቱርቦ ባለው ሞተር ደግሞ ዘይቱ በጋለው ክፍል ላይ ቆሞ እንዳያር ያደርጋል። የሚቃጠለው ናፍጣ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የሙቀት መለኪያው ቀይ ከነካ ወይም እንፋሎት ከታየ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አለመንካት፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አለማፍሰስ ይገባል፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች ቁልፉ ከተዘጋ በኋላም ስለሚያዞሩት እጅን ማራቅ ደግ ነው።

መንገደኛው ቢቸኩልም፣ ስብሰባው ቢደርስም፣ ብረት የሚበርደው በራሱ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት መዘግየት በይቅርታ ያልፋል፤ የተቃጠለ ፊት ግን ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይኖራል።