ቀዳዳው አለ፣ አይተነፍስም

እናንተዬ፣ ስሙኝማ! አንድ ነገር ገብቶኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንደምታውቁኝ ጎሚስታ እንጂ የቄስ ልጅ አይደለሁም፤ ዳዊትም አልደገምኩም። ቀኑን የምውለው አዋሽ አርባ አስፋልት ዳር፣ ጅቡቲ ደርሰው በሚመለሱ መኪኖች ጎማ ሥር ነው። ቢሆንም ገብቶኛል። ለእኔ ከገባኝ ደግሞ ለእናንተ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ፣ በሦስተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ ላይ ነው። ዲያቆኑ ‹ተንሥኡ› አለ። ይህች ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ለእኔ እንደ መኪና ክላክስ ነበረች፤ ስትጮኽ መቋሚያዬ ላይ ተደግፌ ያንቀላፋሁት ቀና እላለሁ፣ አለቀ። ትርጉሟን ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ተንሥኡ። ትንሣኤ። ተንሥኡ… ቆይ! አንድ ቃል እኮ ናት! እናቴ ጠዋት ጠዋት አንሶላዬን እየገፈፈች ‹ተነሣ!› የምትለኝ እሷው ናት! ስንት ዘመን ‹እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ› ስል ኖሬ፣ ‹እንኳን ለመነሣቱ› ማለቴ እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም።

ማታ ሻይ ቤት ለአንድ አፋር ጓደኛዬ ነገርኩት። ልጅ ሆኖ ቁርዓን ቤት ተምሯል። ትንሽ ዝም አለና፣ ‹እኛስ ቂያማ የምንለው ምን መሰለህ? ቃመ ማለት ቆመ ማለት ነው› አለኝ። አጃኢብ! ለካ ዓረብኛ የሚናገሩት ክርስቲያኖችም ፋሲካን የሚጠሩት ዒድ አል-ቂያማ ብለው ነው፣ የመቆም በዓል። በግሪክኛው ደግሞ አናስታሲስ ነው፤ ‹አና› ወደ ላይ፣ ‹ስታሲስ› መቆም። ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ሥዕል፦ የወደቀ ሰው ቆመ። (ጓደኛዬ ስቅለቱን እንደ እኛ አይቀበልም፤ እዚያ ላይ አልተከራከርንም፤ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነበር።)

አሁን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ቆመ ካልን፣ የወደቀው ማን ነው? ሰው ሲሞት ‹ነፍሱ ወጣች› እንላለን። ነፍስ አልወደቀችም፤ ሄደች። የወደቀው፣ የተገነዘው፣ አፈር የለበሰው ሥጋ ነው። ታዲያ የሚቆመውም እሱ መሆን አለበት! እኔ እስከ ዛሬ ትንሣኤ ሲባል የሚታየኝ ነፍስ እንደ እርግብ ሽው ብላ ሰማይ ስትገባ ነበር። ያ ግን የሞት ግማሽ ገጽ ነው እንጂ ትንሣኤ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻውን ‹ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን› ያለችው ለዚህ ነው፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ከነሥጋቸው። ዐምድ ማለትስ ምሰሶ አይደል? የቆመ ነገር!

ይህችን ከያዛችሁ የስቅለት ዕለቱ ስግደት ራሱ ይፈታላችኋል። አዋሽ አርባ ላይ ሚያዝያ ውስጥ መስገድ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ነጠላው ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ግንባር የነካው ምንጣፍ ርጥብ ሆኖ ይቀራል። ወደ ማታ ደግሞ ቄሱ ጀርባችሁን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ያዛሉ። ለእኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ግን ሌላ ነው፦ ጉልበታችን መሬት ሲነካ በኃጢአት መውደቃችንን፣ ቀና ስንል ደግሞ በፈጣሪ ቸርነት መነሣታችንን በሰውነታችን እናሳያለን። ዓርብ ሙሉውን ቀን ስንሠራው የዋልነው ቲያትር ነው፤ ወደቅን፣ ተነሣን፣ ወደቅን፣ ተነሣን። ከፋሲካ እስከ በዓለ ኀምሳ ግን ስግደት የለም! ጾምም የለም። 50 ቀን ሙሉ ቆመን ነው የምንጸልየው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ እንኳ በእሑድና በእነዚህ ቀናት ቆማችሁ ጸልዩ ብሎ ደንብ አውጥቷል። እኔ ለእረፍት መስሎኝ! ለካ ተነሥቷልና እንቆማለን።

እዚህ ላይ አንድ ሾፌር ወዳጃችን ጥያቄ ወርውሮ አቆመኝ። ‹አልዓዛርም እኮ ከመቃብር ተነሥቷል። የመበለቲቱም ልጅ ተነሥቷል። ታዲያ ክርስቶስን ምን ለየው?› አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ዞረብኝ።

መልሱ የመጣልኝ ሥራ ላይ ነው። የአንድ ሲኖ ካላማዳሪ አውጥቼ፣ ነፍቼ፣ ሳፋ ውኃ ውስጥ እያሽከረከርኩ ነበር። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሞርጄ፣ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩት፣ ዳግመኛ ነከርኩት፣ ዝም አለ። የሲኖው ባለቤት ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሚሌ ሳይደርስ ሌላ ሚስማር ይጠብቀዋል። መንገዱ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። ሳፋው ላይ እንዳጎነበስኩ ደርቄ ቀረሁ። አልዓዛር የተለጠፈ ጎማ ነው!

አትሳቁ፣ አስቡት። በአራተኛ ቀኑ ተጠራ፣ ወጣ፤ ግን ድንጋዩን ሰው ነው ያነሣለት፣ መግነዙንም ሰው ነው የፈታለት። ወደ ድሮው ኑሮው ተመለሰ፣ ኋላም እንደ ማንኛችንም ሞተ። ያ መግነዝ አንድ ቀን መልሶ ያስፈልገዋል! ሰባኪዎቻችን ስለ ክርስቶስ ሲናገሩ ግን ሁልጊዜ ‹መግነዝ ፍቱልኝ፣ መቃብር ክፈቱልኝ ሳይል› ይላሉ። እኔ የስብከት ማሳመሪያ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ልዩነቱ ሁሉ ያለው እዚያች ላይ ነው። ራሱ የተጠመጠመበት ጨርቅ በዮሐንስ ወንጌል ለብቻው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለምን ይውሰደው? ዳግመኛ አይሞትም። ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ በሞት በኩል ገብቶ በወዲያኛው በር ወጣ።

‹ታዲያ ድንጋዩ ለምን ተንከባለለ?› ትሉኝ ይሆናል። ማቴዎስ እንደሚለው ታላቅ የመሬት መናወጥ ሆነ፣ መልአክም ወርዶ አንከባለለው። መናወጥ ለእኛ ይነገረናል እንዴ? በ2017 ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና ዶፈን መካከል ምድር ስትነቃነቅ ሌሊት ሌሊት ደጅ አልወጣንም? እኛ የወጣነው እንዳይደፋብን ነው። እዚያ ግን መቃብሩ የተከፈተው እሱ እንዲወጣ ሳይሆን ሴቶቹ ገብተው ባዶውን እንዲያዩ ነው።

የሳምንቱን ቀኖች ስም ደግሞ ተመልከቱ። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ የቶማስ ነው፣ ረቡዕ የአልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም። የአዳም ሐሙስ! አዳም ምን አገባው? የድሮ ሥዕሎቻችንን እዩ፤ ክርስቶስ ብቻውን አይወጣም፣ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል እየጎተታቸው ነው። አባቶቻችን አዳም 5500 ዘመን ጠበቀ ይላሉ፤ 2018 ላይ 5500 ስትደምሩ የምታገኟት 7518 ዓመተ ዓለም የምትባለው ከዚያ ሒሳብ የመጣች ናት። መጀመሪያ የወደቀው ሰው ነው እጁን የተያዘው። ጳውሎስም ክርስቶስን በኩር ያለው ለዚህ መሆን አለበት። በኩር ካለ ታናናሾች አሉ፤ እኛ ማለት ነው።

ማክሰኞን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከሁሉም እሷ ናት ያስለቀሰችኝ። ቶማስ ምን ነበር ያለው? የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም። ክርስቶስ መጣና አሳየው። እናንተዬ፣ ቀዳዳው አለ! እኔ ብሆን የምሠራው መጀመሪያ ቀዳዳውን ማጥፋት ነበር። ሙያዬ ነው። ሞትን ያሸነፈ አካል እንደ አዲስ ጎማ ልሙጥ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። አልሆነም። እጁ እዚያው ዓርብ የተቸነከረው እጅ ነው፣ ሌላ አልተቀየረለትም። ሚስማሩ የበሳው ይታያል፣ ጣት ይዳስሰዋል፣ ግን ከእንግዲህ አይተነፍስም! ያልተለጠፈ ቀዳዳ፣ የማያስወጣ! ሃያ ዓመት ሳፋ ላይ ሳጎነብስ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። መንፈስ ብቻ እንዳይመስላቸውም ሉቃስ እንደጻፈው የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ ፊታቸው በላ። ዓሣ!

ይህን ሁሉ ለዚያ ጠያቂው ሾፌር ወዳጃችን በአንድ ትንፋሽ አወራሁለት። ስኒውን አስቀመጠና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

‹እሺ፣ የማይተነፍስ ጎማ ከመጣ አንተ ምን ልትበላ ነው?›

‹የተጠበሰ ዓሣ› አልኩት።