የወጥ ቤቱ መነኵሴ

በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየመደብሩ፥ እጁ ከሥራው ላይ ሳለ ልቡ ከሌላ ስፍራ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለስ ከፊቱ ይታይ የነበረው ትሕትና፥ መዝገቡን እንደ ገለጠ ወይም ሚዛኑን እንደ አነሣ ይጠፋበታል፤ ከበር ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይም የሚያገኘው ሌላውን ሰው ነው። ጸሎትና ሥራ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ የሚመስላቸው ሁሉ፥ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በፓሪስ ከተማ በአንድ ገዳም ወጥ ቤት ያገለግል የነበረውን የወንድም ሎራንን ታሪክ ቢመለከቱ መልካም ነው።

ይህ ሰው በዓለማዊ ስሙ ኒኮላ ኤርማን ይባል ነበር። የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1614 ዓ.ም. ገደማ ሎሬን በሚባለው አገር ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ቆሰለ፤ ከዚያም በኋላ በአንድ የገንዘብ ሹም ቤት አሽከርነት ገባ። ራሱ እንደ መሰከረው፥ የነካውን ሁሉ የሚሰብር ዝርክርክ አሽከር ነበረ። በ1640 ዓ.ም. ከቀርሜሎሳውያን ገዳም ሲገባም፥ በዚያ ስለ ዝርክርክነቱ እየተቀጣ ዕድሜውን መሥዋዕት አድርጎ ለእግዚአብሔር ለማቅረብ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ያገኘው ደስታ ብቻ ስለ ሆነ፥ እግዚአብሔር አሳቡን እንዳፈረሰበት ተናግሯል።

ክህነት አልተቀበለም፤ ወንድም ተብሎ ለእጅ ሥራ ተመደበ፤ ዕጣውም ወጥ ቤት ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ወንድም ሎራን የወጥ ቤትን ሥራ በተፈጥሮው የማይወድ መሆኑ ነው። ሰው በሥራው መንፈስ የሚያገኘው ሥራውን የወደደው እንደ ሆነ ብቻ ነው የሚሉ በዚህ ይሳሳታሉ። እርሱ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከድስትና ከመጥበሻ ጋር ሲኖር ድካሙ የቀለለለት፥ ሥራው ስለ ተለወጠ ሳይሆን ለማን እንደሚሠራው ስላወቀ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነበር። ሥራ ሲጀምር አጭር ጸሎት ያደርጋል፤ በሥራው መካከልም ከአጠገቡ ከቆመ ወዳጁ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ልቡን ወደ ፈጣሪው ይመልሳል፤ ሲጨርስ ራሱን ይመረምራል። መልካም ሠርቶ እንደ ሆነ ያመሰግናል፤ አጥፍቶ እንደ ሆነ ይቅርታ ይለምንና ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ሰው የጠዋቱን ስሕተት ሲያሰላስል የከሰዓቱንም ሥራ ያበላሻልና። ወንድም ሎራን እንቍላል በመጥበሻ ላይ ሲያገላብጥም፥ ከመሬት የወደቀች አንዲት ገለባ ሲያነሣም ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ያደርገው ነበር። በወጥ ቤቱ ጫጫታ መካከል፥ አንዱ ይህን ሌላው ያን አምጣ እያለ ሲጣራ፥ ሰላሙ በጸሎት ሰዓት ከሚያገኘው ያነሰ አልነበረም። ሦስት ባለጉዳይ በአንድ ጊዜ ከጠረጴዛው ፊት የቆመበት ሹም፥ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ለነጋዴ ይልቁንም የሚገርመው የወይን ጠጅ ግዢው ነገር ነው። ገዳሙ አንድ ጊዜ ወደ ኦቨርኝ፥ ኋላም ወደ ቡርጎኝ ለዚሁ ጉዳይ ላከው። የንግድ ችሎታ አልነበረውም፤ በዚያ ላይ አንካሳ ስለ ሆነ፥ በጀልባው ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚሄደው በበርሜሎቹ ላይ እየተንከባለለ ነበር። እርሱ ግን ጉዳዩ የእግዚአብሔር መሆኑን ለራሱ ለእግዚአብሔር ነግሮ ያለ ጭንቀት ሄደ፤ በመጨረሻም ግዢው በደኅና ተከናውኖ አገኘው። ይህን ሰምቶ ሒሳቡን ለሰማይ ትቶ የሚተኛ ነጋዴ ቢኖር ታሪኩን አልተረዳውም። ወንድም ሎራን የተወው ጭንቀቱን እንጂ ግዢውን አይደለም፤ በበርሜል ላይ መንከባለልም ሥራ ነው።

ኋላ ከወጥ ቤቱ ወደ ጫማ ቤት ተዛወረ። ማኅበሩ «ባዶ እግር» የሚል ስም ቢኖረውም መነኮሳቱ ነጠላ ጫማ ያደርጉ ስለ ነበር፥ የሚጠግንላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1666 ዓ.ም. ዦዜፍ ደ ቦፎር የሚባል ካህን ሊያነጋግረው መጣ። ወንድም ሎራን በ1691 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ንግግሩንና ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ ያሳተመ ይኸው ካህን ነው። ለዚህም እንግዳ ስለ አዲሱ ሥራው ሲነግረው፥ በያዘው ሥራ እጅግ ደስ እንደሚለው፥ ነገር ግን ቀድሞ ወጥ ቤቱን እንደ ተወ ይህንንም ለመተው የተዘጋጀ መሆኑን ገለጠለት።