የልጅ ስደት፣ የአባት ብቸኝነት
የደበበ እሸቱ ሁለት ፊልሞች ለቤታችን ምን ይላሉ?

አንድ ተዋናይ በሕይወቱ ስንት ሰው ይሆናል? ዛሬ ንጉሥ፣ ነገ ለማኝ፣ ከነገ ወዲያ ዳኛ። ከመድረክ ሲወርድ ግን እንደ ማናችንም አስቤዛውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። አርቲስት ደበበ እሸቱም ለበርካታ አሥርት ዓመታት በመድረክ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም ብዙ ሰው ሆነዋል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሁለት ፊልሞችን ለይቼ ላንሳ። አንዱ በ1973፣ ሌላው በ2014 እ.ኤ.አ. ለተመልካች የቀረቡ ናቸው። በመካከላቸው 41 ዓመት አለ። የመጀመሪያው ስለሚሸጡ ወጣቶች ይናገራል፤ ሁለተኛው በልጆቹ ቤት ውስጥ ቦታ ስላጣ አባት። ሁለቱም ባዕድ አገር የተሠሩ የባዕድ ታሪኮች ቢመስሉም፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ እብናት የዚህ ታሪክ ባለቤት ያልሆነ ቤተሰብ ብዙ አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲው መድረክ እስከ ሀንጋሪ

ጋሽ ደበበ የዚያ የወርቃማው የቴአትር ትውልድ ሰው ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚጽፍበት፣ ተስፋዬ ገሠሠና አባተ መኩሪያ የሚያዘጋጁበት ዘመን ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ይሠሩ ከነበሩት ወጣቶች ጋር አብረው ወጡ። ከዚያም ከጓደኛቸው ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር ለቴአትር ትምህርት ወደ ሀንጋሪ ተላኩ። ወጋየሁን የማያውቅ የእኛ ዘመን ሰው የለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ አገር ሥራውን አቁሞ ያዳምጠው ነበር። ቴአትር ቤት በሌለበት ደጋ አገር ተዋናይን የምናውቀው በድምፁ ነው፤ መልኩን ያየነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን ሲገባ ነው።

ያ ትውልድ ትወናን እንደ ሙያ አስከበረ። ቀድሞ «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ የነበረ ሥራ ትምህርት የሚጠይቅ፣ ልምምድ የሚፈልግ፣ የሰውን ጠባይ እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሙያ መሆኑን አሳዩ። እኔ ነርስ ሆኜ ስለኖርኩ ይህን ነገር በደንብ እረዳዋለሁ። በሽተኛ አፉ ሌላ፣ ዓይኑ ሌላ ሲናገር የሚያየው የሰለጠነ ሰው ነው። ጥሩ ተዋናይም የሚሠራው ያንኑ ነው።

የ1973ቱ ፊልም፦ የሚሸጡ ወጣቶች

በዚያን ጊዜ አገራችን ፊልም በብዛት አትሠራም ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ከተሠራ ገና አሥር ዓመት አልሞላም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ የፊልም ዕድል የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የውጭ ኩባንያ ሲመጣ ነው። አንድ ቀን መጣ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ እጅግ የተወደደው የመርማሪው ሻፍት ፊልም ሦስተኛ ክፍል፣ «ሻፍት በአፍሪካ»፣ ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀረጸ። መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ፣ ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነበሩ። ጋሽ ደበበ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ።

ተመልካች የሚያስታውሰው ጡጫውንና ሩጫውን ነው። የታሪኩ አጥንት ግን ሌላ ነው። ደላሎች የአፍሪካ ወጣቶችን በሥራ ተስፋ አታልለው ወደ ፓሪስ ያሻግራሉ፤ እዚያም በርካሽ ጉልበት ያሠሯቸዋል። ሻፍት የሚላከው ይህን ሰንሰለት እንዲበጥስ ነው። ይህ የተጻፈው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው! ዛሬ ከእኛ ቀበሌዎች የሚወጡት ልጆች መንገዱ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ይወርድና ሱዳን ይሻገራል። ሌላዋ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ደላላው የሚያወራው ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ «እዚያ ስትደርስ ሁሉም ተዘጋጅቷል።»

ፊልሙ ውስጥ ሻፍት አለ፤ ደርሶ ያድናል። በእውነተኛው ዓለም ሻፍት የለም። ያለው የቤተሰቡ ጥያቄ ነው። ማን ነው የሚቀበላት? የሥራ ውሉ የት አለ? ኤጀንሲው ፈቃድ አለው? በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደላላውን በከባድ ወንጀል ይጠይቀዋል፤ ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። ከሬው ተሸጦ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ የእናትና የአባት ፈንታ ነው።

በመሃሉ ያለፈው

ጋሽ ደበበ በእነዚያ 41 ዓመታት ውስጥ ሥርዓት ሲለዋወጥ አይተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብሔራዊ ቴአትር ሲባል እዚያው ሙያው ውስጥ ነበሩ። ተወኑ፣ አዘጋጁ፣ ተረጎሙ። ፖለቲካ ውስጥም ገብተው ዋጋ ከፍለዋል። ከ1997 ምርጫ በኋላ ከቅንጅት ሰዎች ጋር ታስረዋል፤ በ2003 መገባደጃም እንደገና ተይዘው ነበር። ሰባ ዓመት እየተጠጋቸው እስር ቤት ያደረ ሰው ከዚያ በኋላ አርፎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን አልተቀመጡም። ከሥራዎቻቸው ከባዱ የሚባለውን ሚና የተጫወቱት ከዚያ በኋላ ነው።

የ2014ቱ ፊልም፦ ቦታ ያጣ አባት

«ቀይ ቅጠሎች» የተሠራው እስራኤል ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚያ ያደገ ነው። ፊልሙ በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ጋሽ ደበበ የተጫወቱት ከ28 ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ የሄደ የ74 ዓመት አዛውንት ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ሐዘኑ ሳይበርድ ቤቱን ይሸጥና «ከእንግዲህ እናንተ ጋ ነኝ» ብሎ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ታሪኩ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ራሱ መጠጊያ ካጣው ከሼክስፒሩ ንጉሥ ሊር የተቀዳ ነው።

አዛውንቱ ጥቂት ይናገራል፤ ግትር ነው። በአገሩ ሕግ አባት ሲገባ ልጅ ይነሣል፤ የአባት ቃል ይከበራል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን በሌላ ወግ አድገዋል። ክፉ ልጆች አይደሉም፣ እርሱም ክፉ አባት አይደለም። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት አገር ስለሆኑ ነው መግባባት ያቃታቸው። በ1977 አካባቢ በሱዳን በኩል፣ በ1983 ደግሞ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከጎንደር ምድር የወጡ ናቸው። ስለዚህ የዚያ አዛውንት ግትርነት የኛው አባቶች ግትርነት ነው፤ ዝምታውም የኛው ዝምታ።

ለመቸገር እስራኤል ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ልጅ በፍቅር ተነሣሥቶ አባቱን ከጉና ሥር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይወስዳል። ከብቱ ይሸጣል፣ ቤቱ ይዘጋል። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ደጀ ሰላሙ፣ የማታ ጨዋታው ግን ቀርተዋል። ከዚያ «ደረቴን ያዘኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ» ይጀመራል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያሉ ብዙ ሽማግሌዎች አይቻለሁ፤ ግፊታቸው ደህና፣ ልባቸው ደህና፣ ግን እንቅልፍና ምግብ የሸሻቸው። ድብርት በሽማግሌ ላይ ብዙ ጊዜ እንባ ሆኖ ሳይሆን የአካል ሕመም ሆኖ ነው የሚወጣው። «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ሕመሙን መተው ነው።

ስለዚህ አባት ወይም እናት ለማምጣት ላሰበ ልጅ ይህን እላለሁ። ቤታቸውን ቶሎ አትሽጡ፤ ጥቂት ወር ኖረው ይዩት። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮአቸውን አስመርምሩ፤ የማይሰማ ሰው ዝም ቢል አኩርፎ ላይሆን ይችላል። በቤት ውስጥ የእርሳቸው የሆነ ሥራ ይኑር፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስም ቢሆን። ነገር ሲወሰን አማክሯቸው። ምግብ ከተዉ፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም ሞትን ደጋግመው ካነሱ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ መድኃኒትም ምክርም አለው።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ታሪክ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ልጅ በደላላ እጅ ከቤት ይወጣል። በሁለተኛው አባት ልጁን ተከትሎ ባዕድ ቤት ይቀመጣል። ጋሽ ደበበ ሁለቱም ጋ ነበሩ፤ ጎልማሳ ሆነው አንዱን፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ሌላውን። «ቀይ ቅጠሎች»ን የማግኘት ዕድል ያላችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ሲያልቅም ቶሎ አትነሡ፤ አባታችሁ የሚሉት ነገር ይኖራቸዋል።