ዳቦ ትቻለሁ

ሜክሲኮ አካባቢ፣ እግረኛ መንገዱ ዳር ሚዛን አስቀምጦ የሚውል ልጅ አለ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ቦርሳዋን ለጓደኛዋ አስይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። «ሁለት ኪሎ! ዳቦ ከተውኩ እኮ ገና አሥር ቀኔ ነው» አለች ፊቷ በርቶ። ጓደኛዋም «በቃ፣ እኔም ከነገ ጀምሮ አልነካውም» አለቻት።

ይህን ቃል በቢሮ፣ በታክሲ፣ በድግስ ቤት ሳይቀር ስሰማው ኖሬያለሁ። ውፍረት ሲነሳ መጀመሪያ የሚከሰሰው ዳቦ ነው። ክሱ ግን እኛ ዘንድ አልተጀመረም። ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈፃሚ ውፍረቱ በርትቶበት ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር ተስኖት ነበር፤ ደረጃ የሚወርደውም ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። በሐኪሙ ምክር ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተወና በአንድ ዓመት ገደማ ከ92 ኪሎ ወደ 71 ወረደ። በ1863 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ የተወ ሰው ቢከሳ፣ ጥፋቱን በዳቦ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአሥር ቀኑ ሁለት ኪሎስ ከየት መጣ? ሴትየዋ አልዋሸችም፤ ሚዛኑም አልተሳሳተም። ሰውነታችን ከምንበላው እህል ከፊሉን ግላይኮጅን አድርጎ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ለስንቅ ያስቀምጣል፤ መጠኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ይደርሳል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ገደማ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦውንም እንጀራውንም ድንገት የቀነሰ ሰው ያንን ስንቅ ሲጨርስ ውኃው አብሮ ይወጣል። ከቀነሰው ኪሎ አብዛኛው ይህ ውኃ ነው፤ ቦርጩ ገና ብዙም አልተነካም። ዳቦ የተቀመሰ ጊዜ ውኃው ይመለሳል። ያኔ «አየሽ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚያወፍር!» ይባላል። ይሄ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል፤ ስንቱ ሰው «አቅም የለኝም» እያለ ራሱን የሚወቅሰው በውኃ ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ዓመት ሙሉ ተከታትለው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ዳቦን የመሰለ ስታርች የቀነሱት ደግሞ 6 ኪሎ ከሱ። እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ ተመክረው ነበር።

ዳቦ ሁሉ አንድ አይደለምና። ሲድኒ ውስጥ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ አቅርበው የትኛው እንደሚያጠግብ ለኩ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው መነሻ ሲያደርጉት፣ ካልተፈተገ ስንዴ የተጋገረው 157፣ የተቀቀለ ድንች 323፣ በቅቤ የራሰው ክሯሳን ደግሞ 47 ሆነ።

ይህን ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ትኩስ የፉርኖ ዳቦ በመዳፍዎ ጨበጥ ያድርጉት፤ ወዲያው ሊጥ ይሆናል። በሦስት ጉርሻ ያልቅና እጅ ሌላ ይፈልጋል። ከኮባ ቅጠሉ የተላቀቀ ድፎ ዳቦ ግን ቅርፊቱ ብቻውን መንጋጋ ያሠራል፤ አንድ ቁራሽ ሳያልቅ ሆድ «ይበቃል» ይላል።

አጃቢውንም አንርሳ። መቶ ግራም ነጭ ዳቦ 265 ካሎሪ ገደማ አለው። ሦስት ብርጭቆ ሻይ ሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት፣ ስኳሩ ብቻውን የዳቦውን ግማሽ ያልፋል። ጾም ሲገባ ደግሞ ያው ዱቄት ዘይት ውስጥ ገብቶ ቦንቦሊኖ ሆኖ ይመጣል። ዳቦ ትቶ እንጀራ የደረበውም እህል በእህል ተካ እንጂ የቀነሰው ነገር የለም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው፣ ስለ ውፍረት የምናወራው ብዙዎች በማይጠግቡበት አገር መሆኑ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ፤ በከተማ የወፈሩት 21 በመቶ ደርሰዋል። ቁርሱም ምሳውም ዳቦ በሻይ የሆነን የቀን ሠራተኛ «ዳቦ ተው» ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። የሚሻለው የሚያጠግበውን ዳቦ አቅሙ በሚችለው ዋጋ ማቅረብ ነው።

በዚሁ ነገር የሰፈሬን ዳቦ ጋጋሪ አነጋገርኩት። ሳይፈተግ ከተፈጨ ስንዴ ለምን አትጋግርም አልኩት። «ጠያቂ የለም ጋሼ፤ ጥቁር ነው ብለው ይመልሱታል» አለኝ። ጥቂት አሰብ አደረገና «ቅዳሜ ለቅዳሜ ልሞክረው እችላለሁ፤ ሃያ ሰው ከተገኘ» አለ።

እስከ ትናንት ማታ አሥራ አንድ ሰው አስመዝግቤያለሁ።