ስለ ፊልም አስተያየት መስጠት

«ፊልሙ ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድሁትም» ብሎ ማቆም ስሜትን መግለጽ ነው፤ አስተያየት ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ያህል፣ በቅርቡ በቤታችሁ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ተመለከታችሁ እንበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም፣ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ኑሮ ከትዝታው ጋር እያፈራረቀ ያሳያል። ይህ ተመልካች ሁሉ ሊያረጋግጠው የሚችል ሐቅ ነው።

አንዱ ተመልካች፣ «ታሪኩ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ያደናግራል» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ፣ «መመላለሱ የባለታሪኩን የታወከ አእምሮ ስለሚገልጽ ተገቢ ነው» ሊል ይችላል። ሐሳባቸው ቢለያይም፣ ሁለቱም ምክንያት ስላቀረቡ ሳይጣሉ ሊከራከሩ፣ ሊተራረሙም ይችላሉ።

እናንተም ስትጽፉ በመጀመሪያ ያያችሁትን ግለጹ፤ ቀጥሎ አስተያየታችሁን ስጡ፤ በመጨረሻም «ምክንያቱም» በሚለው ቃል ጀምራችሁ ከፊልሙ ማስረጃ አቅርቡ።