ድምፁ ዓለምን ሲዞር እሱ መጠለያ ያጣው ቴነር

ለማስተርስ ትምህርት ዙሪክ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት የምኖረው አንዲት አሮጊት ቤት ፎቅ ላይ በተከራየሁት ክፍል ነበር። አከራዬ እሑድ እሑድ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ሳሎን ይቀመጡና የድሮ ሸክላ ያጫውታሉ። እኔ ደግሞ ላይ ሆኜ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ሳልፈልግም ቢሆን አብሬ አዳምጣለሁ። አብዛኛው ዘፈን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ነበር። አንድ እሑድ ግን ከታች የመጣ የወንድ ድምፅ ከላፕቶፔ ቀና አደረገኝ። ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ ምንም የሚታገል አይመስልም። ጫፍ ላይ ደርሶ ያበቃል ስትሉት ደግሞ ሌላ ደረጃ ይጨምራል።

ወርጄ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሸክላውን ሽፋን ሰጡኝ። የጠበቅኩት ደረተ ሰፊ፣ ግዙፍ ሰው ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ትልልቅ ዓይኖች ያሉት፣ የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ የሚመስል ሰው ነው።

«ዮሴፍ ሽሚት ይባላል። የተቀበረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው «እንዴት እንደሞተ ግን እዚህ አገር ብዙ አይወራም» ሲሉ ጨመሩ።

የዚያን ሳምንት የቤት ሥራዬን በጊዜው አላስረከብኩም።

አገሩ የተቀያየረበት ልጅ

ዮሴፍ ሽሚት የተወለደው ማርች 4 ቀን 1904 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትውልድ መንደሩ ዳቪዴኒ ቡኮቪና በሚባለው ግዛት ውስጥ የምትገኝ ሲሆን በጊዜው በኦስትሮ ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ቼርኖቪትስ ተዛወሩ። ጦርነቱ አብቅቶ ካርታው እንደገና ሲሳል ቡኮቪና ለሮማኒያ ደረሰች። ልጁ የኦስትሪያ ዜጋ ሆኖ ተወልዶ፣ ከተማውን ሳይለቅ ሮማኒያዊ ሆነ። ዛሬ ያች ከተማ ዩክሬን ውስጥ ናት።

ቼርኖቪትስ በዚያ ዘመን ጀርመንኛ፣ ዪዲሽ፣ ሮማኒያኛ፣ ዩክሬንኛና ፖላንድኛ በአንድ ገበያ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። ሽሚት ድምፁን ያሠለጠነው መጀመሪያ ምኩራብ ውስጥ ነው። በ20 ዓመቱ በከተማው የመጀመሪያውን ኮንሰርት አቀረበ። ከዚያ በርሊን ሄዶ ኸርማን ቫይሰንቦርን ከተባለ ስመ ጥር የድምፅ መምህር ዘንድ ተማረ። ለሮማኒያ ጦር የግዳጅ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ደግሞ ቼርኖቪትስ ተመልሶ የምኩራብ ዜማ መሪ ሆነ።

በድምፁ ማንም አልተከራከረም። ችግሩ ቁመቱ ነበር። ሽሚት አንድ ሜትር ከሃምሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

በኦፔራ ቴነር ማለት ብዙውን ጊዜ አፍቃሪው ጀግና ነው። ሴቲቱን አቅፎ ይዘፍናል፣ ለእሷ ሲል ሰይፍ ይመዛል፣ ይሞታል። ኦፔሬታ ከዚህም የባሰ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ኦፔሬታ የኦፔራ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ቀለል ያለ የፍቅር ታሪክ ሆኖ፣ ዘፈኑ በንግግርና በቀልድ ይከፋፈላል፣ ቫልስ ይጨፈርበታል። ተመልካቹ የሚመጣው ዜማውን ለመስማት ብቻ ሳይሆን መልከ መልካሙን ሰው ለማየትም ነው። በ1920ዎቹ በርሊንና ቪየና በኦፔሬታ ያበዱ ከተሞች ነበሩ። የመድረኩ ንጉሥ ሪካርድ ታውበር በ1929 የፍራንዝ ሌሃርን «የፈገግታ ምድር» በርሊን ላይ ሲጫወት አዳራሹ እየደጋገመ ያስዘፍነው ነበር። ታውበር ራሱ አንድ ዓይኑ ሸውረር ያለ ስለነበር በባለ አንድ መስታወት መነጽር ይሸፍነው ነበር። ቁመት ግን በምን ይሸፈናል?

ቁመት የማይለካበት መድረክ

ሽሚት እንደገና በርሊን የገባው በዚያው በ1929 ነው። ኮርኔሊስ ብሮንስኬስት የተባለ የቀድሞ የኦፔራ ባሪቶን በበርሊን ሬዲዮ የኦፔራ ስርጭቶችን ይመራ ነበር። ድምፁን ሰማና ቀጠረው። የመጀመሪያ ሥራው የማየርቤር «አፍሪካዊቷ» የተባለው ኦፔራ ሲሆን፣ ሽሚት የዘፈነው የባሕር አሳሹን የቫስኮ ዳ ጋማን ክፍል ነው። እስቲ አስቡት፤ በየቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ የተቀመጠው አድማጭ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ማዕበል የሰነጠቀ፣ ትከሻው የሰፋ መርከበኛ ነው። ማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ግን ትከሻ ለትከሻ ቢለካ ከብዙ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች የማይበልጥ ሰው ነበር። ማንም አላየውም፤ ማየትም አላስፈለገውም።

ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልንዛዛ፤ ታገሡኝ። የዚያ ዘመን የበርሊን ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት የራይስ ማይክሮፎን ከእምነ በረድ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ውስጡ የከሰል ደቃቅ ያለበት ከባድ ዕቃ ነበር። የሬዲዮኖቹ ድምፅ ማውጫ ደግሞ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ እኩል አያወጣም። ቤዝና ከበሮ ይደበዝዛሉ፤ ቫዮሊን ይሳሳል። በሚገባ የሠለጠነ የወንድ ድምፅ ግን በሴኮንድ 3000 ንዝረት አካባቢ ለየት ያለ ጉልበት አለው። ትልቅ ኦርኬስትራ ሲጫወት በዚያ አካባቢ ደከም ይላል፤ ለዚህ ነው አንድ ቴነር ያለ ማጉያ ከሰባና ሰማንያ መሣሪያ በላይ የሚሰማው። የድሮ ስልክ እንኳ ከ300 እስከ 3400 ንዝረት ያለውን ስለሚያሳልፍ ያ ጉልበት አይቆረጥበትም። በሌላ አነጋገር፣ ያ ጎዶሎ መሣሪያ እንደ ሽሚት ላለው ድምፅ የተሰፋ ልብስ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ ትንሽ ስፒከር የድሮ ቴነሮችን ብትከፍቱ የሚጠፋው ኦርኬስትራው ነው፤ ዘፋኙ እዚያው አለ።

እስከ 1933 ድረስ በበርሊን ሬዲዮ በ38 ኦፔራዎች ዘፈነ። ጎን ለጎን ሸክላ አስቀረጸ። የኦፔራ ብቻ አይደለም፤ የዮሃን ሽትራውስን፣ የሌሃርንና የካልማንን የኦፔሬታ ዘፈኖችም ጭምር ነው። በመድረክ ሊጫወተው ያልተፈቀደለትን አፍቃሪ በሸክላ ተጫወተው። በ1933 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የሬዲዮ አድማጮች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ያን ያህል ሰው የሚይዝ የኦፔራ ቤት የለም።

ሜይ 9 እና ሜይ 10

ሂትለር የመራሔ መንግሥትነቱን ሥልጣን የያዘው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው አይሁዳውያንን ማባረር ጀመረ፤ ለሽሚትም ማይክሮፎኑ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ግን አንድ ፊልሙ ተሠርቶ አልቆ ለእይታ ይጠባበቅ ነበር። ስሙ «አንድ ዘፈን ዓለምን ይዞራል» ነው። ታሪኩ ከራሱ ከሽሚት ሕይወት የተቀዳ ይመስላል። ሪካርዶ የሚባል፣ ድምፁ ግሩም ቁመቱ አጭር ዘፋኝ መድረክ ይነፈገዋል፣ በሬዲዮ ዝነኛ ይሆናል። የሚወዳት ልጅ ግን መልከ መልካም ጓደኛውን ትመርጣለች። በመጨረሻ የሚቀረው ዘፈኑ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ሪካርድ ኦስቫልድ፣ ዜማውን የሠራው ሃንስ ማይ፣ ግጥሙንና ድርሰቱን የጻፈው ኤርንስት ኖይባክ ሁሉም አይሁዳውያን ነበሩ፤ ሁሉም በኋላ ተሰደዱ። ፊልሙ በርሊን ላይ የተመረቀው ሜይ 9 ቀን 1933 ነው። የናዚ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። በማግስቱ ሜይ 10 ማታ በዚያችው ከተማ፣ በኦፔራ ቤቱ አደባባይ፣ ተማሪዎች የአይሁዳውያንና የሌሎች ደራስያንን መጻሕፍት እየከመሩ አቃጠሉ፤ ጎብልስ እዚያም ተገኝቶ ንግግር አደረገ።

ሽሚት ወደ ቪየና ሄደ። እዚያ ሌሎች ፊልሞች ሠራ፤ የ«አንድ ዘፈን» የእንግሊዝኛ ቅጂም ወጣ። በ1937 አሜሪካ ተጉዞ ካርኔጊ አዳራሽ ዘፈነ። አሜሪካኖች «የኪስ ካሩሶ» አሉት፤ ከታላቁ ጣሊያናዊ ቴነር ጋር ማነጻጸራቸው ነው። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ያጫወትኳቸው ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ለምን ተመለሰ? አሜሪካ ገብቶ እንዴት አይቀርም?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ሽሚት በ1937 ስለ 1942 አያውቅም። በውል የያዘው ሥራ፣ የሚያውቀው ቋንቋ፣ ስሙን የሚጠራ ሕዝብ የነበረው አውሮፓ ነው። እናቱም ቼርኖቪትስ ነበሩ። ከእኛም መካከል በደህናው ቀን ደርሶ ለመመለስ ሄዶ በሩ የተዘጋበትን ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው።

በማርች 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ጠቀለሉ። ሽሚት ወደ ቤልጂየም ተሰደደ። እዚያም ዕድሜ ልኩን የተመኘው ነገር በስደት ተገኘለት፤ በብራስልሱ የላ ሞኔ ኦፔራ ቤት የፑቺኒን «ላ ቦሄም» ተጫወተ። ሮዶልፎን ሆኖ ነው፣ ያን ሻማው የጠፋበትን ድሃ ገጣሚ። በ35 ዓመቱ ገደማ፣ አልባሳት ለብሶ፣ መጋረጃ ተከፍቶ፣ ሕዝብ እያየው ሙሉ ኦፔራ ዘፈነ። ቁመቱን ሁሉም አየ፤ ትርዒቱም ቀጠለ።

ሜይ 1940 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ገባ። ሽሚት ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ጦሩ ወዳልያዘው ወደ ደቡቡ ክፍል ሸሸ። ባሕር ለመሻገር ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። በ1942 በጋ እዚያም የውጭ አገር አይሁዳውያንን አፈሳ ተጀመረ። የቀረችው ስዊዘርላንድ ነበረች።

የጊረንባድ ካምፕ

ስዊዘርላንድ በኦገስት 1942 ድንበሯን አጥብቃ ዘግታ ነበር። በመመሪያው መሠረት፣ በዘሩ ምክንያት ብቻ የሚሳደድ ሰው እንደ ፖለቲካ ስደተኛ አይቆጠርም። ሽሚት ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ በኦክቶበር በሕገ ወጥ መንገድ ድንበሩን ተሻገረና ዙሪክ ደረሰ። አቅሙ ተሟጦ ነበር። ባለሥልጣናቱ ሂንቪል አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ጊረንባድ ካምፕ ላኩት። ካምፑ አሮጌ ፋብሪካ ነው፤ ስደተኞቹ የሚተኙት ገለባ ላይ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ሚሊዮኖች ሬዲዮ ከፍተው የሚጠብቁት ሰው እዚያ እንደማንኛውም ስደተኛ ተመዝግቦ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ይጠባበቅ ጀመር። ወረቀት መጠበቅ ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጉሮሮው ታመመና ዙሪክ ሆስፒታል ገባ። ጉሮሮውን አከሙት። ደረቴን ያመኛል ብሎ ቢናገርም የሰማው አልነበረም፤ ከካምፕ ለመሸሽ የሚያስመስል መሰላቸው። «ድኗል» ተብሎ ወደ ካምፕ ተመለሰ።

ኖቬምበር 16 ቀን 1942 ከካምፑ አጠገብ ወዳለች ቫልድኤክ ወደምትባል ማረፊያ ቤት ሄደ። ባለቤቲቱ አዘኑለትና ሶፋ ላይ ጋደም እንዲል ፈቀዱለት። እዚያው ሶፋ ላይ ልቡ ቆመ። ገና 38 ዓመቱ ነበር። ሲጠብቀው የነበረው ፈቃድ የደረሰው በማግስቱ እንደሆነ ይነገራል።

ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከአከራዬ ጋር መቃብሩን ልናይ ሄድን። ፍሪዘንበርግ በሚባለው ሰፈር፣ የአይሁዳውያን መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ድንጋዩ ላይ «ኮከብ ወደቀ» የሚል አለበት፤ በ1934 ከሠራው ፊልም ርእስ የተወሰደ ነው። አከራዬ እንደ አይሁዳውያኑ ልማድ ትንሽ ጠጠር አንስተው ከላይ አስቀመጡ። ስንመለስ ትራም ውስጥ፣ ያች እሑድ የሰማኋት ሸክላ የማን እንደሆነች ነገሩኝ። የእናታቸው ነበረች። እናታቸው ምግብ ሲሠሩ ያጫውቷት ነበር፤ በጦርነቱም ዘመን፣ በ1942ም ጭምር። ወጥ ቤታቸው ከጊረንባድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዘፋኙ እዚያ መሆኑን የሰሙት ሞቱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው።