ቤት ለቤት፦ ከኒውላንድ ደጅ እስከ አቦቦ እርሻ

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ከሌላ ሰው አጥር በደረሰ ጊዜ፣ መዝጊያውን ገፍቶ ከመግባቱ አስቀድሞ ቆም ብሎ «ቤቶች!» እያለ ይጣራል፤ ከውስጥ ያለውም «ደጆች!» ብሎ ይመልስለታል። ይህች አጭር ልውውጥ፣ ቤት የባለቤቱ ግዛት መሆኑንና እንግዳም ፈቃድ ጠያቂ እንጂ አዛዥ አለመሆኑን ከአበው ጀምሮ የምትመሰክር ሥርዓት ናት። በጋምቤላ ከተማ፣ ነዋሪዎቹ በብዛት የኑዌር ብሔረሰብ ተወላጆች በሆኑበት ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ደግሞ፣ በደጃፍ የሚቀድመው ቃል «ማሌ» ነው፤ ፍችውም ሰላም ማለት ነው። የጤናን ነገር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው፣ የተማረው ትምህርት ምንም ያህል ቢሰፋ፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚህች ቃል ነው፤ ሰላምታውን ያልተቀበሉትን ሰው ምክሩን የሚቀበለው የለምና።

በየካቲትና በመጋቢት፣ የጋምቤላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ ማልዳ ካልተነሣች ቀኑ ያመልጣታል። በትከሻዋ ቦርሳ፣ በእጅዋ መዝገብ ይዛ ወደ ግቢው ስትገባ፣ የቤቱ እመቤት ከማንጎው ጥላ ሥር ወንበር ታወጣላታለች፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ከድንበር ማዶ ስላለው ዘመድ ተጠያይቀው ሲያበቁ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ተመጣበት ይዞራል። ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ሳይወርድ ክንዱ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ባለው ጠባብ ጥብጣብ ይለካል፤ ቀስቱ ከቀዩ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ እናቲቱ ፊደል ባትቆጥርም እንኳ ልጅዋ በምግብ እጦት እጅግ እንደ ተጎዳ በዓይንዋ አይታ ትረዳለች። አጎበሩን በተመለከተ ግን ሠራተኛዪቱ በቃል መልስ ብቻ አትረካም። «አለን» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አጎበሩ ከመኝታው በላይ ተዘርግቶ ነው ወይስ ታጥፎ በሣጥን ተቀምጦ ነው የሚለውን ጥያቄ የሚፈታው ገብቶ ማየት ነው። በጤና ኬላ ወይም በሆስፒታል ተቀምጦ ሕሙማንን በሚጠብቅ ሰውና ቤት ለቤት በሚሄድ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በዚህች ትንሽ ነገር ይገለጣል፤ የፊተኛው የሚያየው በሽታውን ነው፣ ሁለተኛዋ ግን በሽታው የሚያድርበትን ቤት ታያለች።

ይህ አሠራር ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የነፍስ አባት በየወሩ ጸበል ይዞ የንስሐ ልጆቹን ቤት እየዞረ ሲረጭ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የማን ማጀት እንደ ተራቆተ ከማንም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በዘመናዊው የጤና ሥራም ቢሆን ጋምቤላ ከፊተኞቹ ተርታ ናት፤ ከ1950 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ የወባ መከላከል ሙከራ ሲጀመር፣ ከቆቦ፣ ከደምቢያና ከአዋሽ ሸለቆ ጋራ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዷ እርስዋ ነበረች። ከዚያም በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም፣ መርጫ በጀርባቸው የተሸከሙ ሠራተኞች በየገጠሩ ጎጆ እየገቡ ግድግዳውን ይረጩ ጀመር። ፈንጣጣም ከኢትዮጵያ ምድር በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ የተነቀለው፣ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞሩ የታመመ ሰው እንዳለ በመጠየቃቸውና ያገኙትንም ሕመምተኛ ጎረቤቶች በመክተባቸው ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን የቆየ ልማድ መንግሥታዊ ሥርዓት አደረገው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች በየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም አብረው ተመለመሉ። በሽታን መከላከልን፣ የቤተሰብ ጤናን፣ የአካባቢ ንጽሕናንና የጤና ትምህርትን የሚመለከቱ 16 የሥራ ክፍሎች ተሰጧቸው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቍጥራቸው ከ30000 በላይ ሆነ። ሐዋርያ የምንለው ስም በግእዝ ሖረ፣ ማለት ሄደ፣ ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን፣ ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው የሚያስታውስ አንባቢ፣ የእነዚህን ሴቶች አካሄድ በዚያው ስም ብጠራው በድፍረት አይቈጥርብኝም ብዬ አምናለሁ። ፍሬውም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 በተደረገው ጥናት ግን ይህ ቍጥር ወደ 59 ወርዷል። ክትባቱ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ክትባቱን ከእናቲቱ ደጅ ያደረሰው የእነዚህ ሴቶች እግር ነው።

ቤት ለቤት ዞሮ ማሳመን ከማዘዝ እጅግ የተለየ ጥበብ ነው። በሌላው ዓለም፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የጤና መድን ተሟጋቾች መዝገብ ይዘው በየሰፈሩ በር ያንኳኳሉ፤ ስለ ደመወዝና ስለ ሕክምና ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ድምፅና ፊርማ ይለምናሉ። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከተስፋፋ ወዲህ፣ የቀበሌ ሹማምትና የጤና ሠራተኞች በየዓመቱ በመዋጮው ወራት ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ዛሬ ጤነኛ የሆነ አባወራ ለነገ ሕመሙ ዛሬ ገንዘብ እንዲያዋጣ ይመክራሉ። ዕድርን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ሳይሞቱ ለቀብር ማዋጣትን የለመደ ሰው፣ ሳይታመሙ ለመዳን ማዋጣትን ለመረዳት ሩቅ አይሆንበትም። ችግሩ የሚመጣው መዝጋቢው የተሰጠውን የቤት ቍጥር ለመሙላት ሲጣደፍና ምክሩ ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ ነው። ለዓመቱ የተመዘገበ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በሚመጣው ዓመት ያን በር የምታንኳኳው ሴት የምትሰማው ስድብ በእርስዋ ጥፋት የመጣ አይደለም፤ ተስፋውን የሰጡት ሌሎች ናቸው፣ ፊት የምትነሣው ግን እርስዋ ናት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ነገር ግን የሚንኳኳ በር የሌለው ሰው ጉዳይ ነው፤ ይህንም ለመረዳት ከኒውላንድ ወደ አቦቦና ወደ ጎግ መውረድ ያስፈልጋል።

በነዚህ ወረዳዎች ጊኒ ዎርም የሚባል ጥንታዊ ደዌ አለ። ሰው ከኩሬ ያልተጣራ ውኃ ሲጠጣ፣ በዓይን ለማየት እጅግ ከሚያስቸግሩ የውኃ ነፍሳት ጋራ የትሉን እጭ ይውጣል፤ ከዚያም አንድ ዓመት ያህል ምንም ሳይሰማው ይኖራል። በዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ላይ፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣና ይፈነዳል፤ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም፣ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ትልም ብቅ ይላል። በሽተኛው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን ከኩሬው የነከረ እንደ ሆነ፣ ትሉ እልፍ አእላፍ እጮችን ወደ ውኃው ይለቃል፤ የከርሞው በሽታ በዚያች ቀን ይዘራል። ክትባት የለውም፤ የሚገድለው መድኃኒትም አልተገኘም። የሚደረገው ነገር፣ ትሉን በትንሽ እንጨት ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠቀለሉ ሳምንታት በሚፈጅ ትዕግሥት ማውጣት፣ ውኃውን በጨርቅ አጥልሎ መጠጣትና ሕመምተኛውን ከኩሬ ማራቅ ነው።

እንግዲህ መድኃኒት የሌለው በሽታ የሚሸነፈው ይልቁንም ቤት ለቤት በመሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ ይያዙ እንደ ነበር ይገመታል፤ በ2024 በመላው ዓለም የተያዙት 15 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና የመሠረቱት ድርጅት ለዚህ ነገር ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ከጥርጥር የራቀው እውነት ግን ድካሙን የተሸከሙት በየመንደሩ የሚዞሩ ፈቃደኞች መሆናቸው ነው። በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው የመንደር ለመንደር ፍለጋ በሽታው በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ እንዳለ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመዘገቡት ሕሙማን 1252 ነበሩ፤ በ2016 ወደ ሦስት ሰዎች ብቻ ወረዱ። ሁሉም ሰው ፍጻሜው ደረሰ ብሎ ተስፋ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ግን 15 ሰዎች በአቦቦ ታመው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ከሌላ አካባቢ ለእንጀራ ፍለጋ የመጡ፣ በአንድ ሰፊ የንግድ እርሻ የተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የጠጡትም ያልተጣራ የኩሬ ውኃ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። የአቦቦ ነባር ነዋሪ የማጣሪያውን ጨርቅና ምክሩን ለዓመታት በደጁ ሲቀበል ኖሯል። የቀን ሠራተኛው ግን ደጅ የለውም፤ የሚያድረው በላስቲክና በሣር በተሠራ የወል መጠለያ ነው፤ ስሙ በቀበሌ መዝገብ የለም፤ ቋንቋው ከአካባቢው ሰው ቋንቋ ይለያል፤ አዝመራው ሲያበቃ ይሄዳል። በአርባ ዲግሪ ፀሐይ ሲያርም የዋለ፣ ንጹሕ ውኃ ያልቀረበለት ሰው ከኩሬው ቢጠጣ ጥፋቱ የእርሱ ሊሆን አይችልም። የሠራተኛ ጥያቄና የጤና ጥያቄ ሁለት ናቸው የሚል ሰው ቢኖር ይህን አንድ ኩሬ ይመልከት።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ሲወስን፣ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትም ደንግጓል። ዐዋጁ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ የታተመውም በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ወደ መጠለያው ድረስ ሄዶ በሠራተኛው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ከሌለ ለሠራተኛው እንዳልታወጀ ያህል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ መድኑም በቀበሌ ለሚኖር ቤተሰብ የተሠራ በመሆኑ ዘዋሪው ሠራተኛ ከውጭ ይቀራል፤ ለደመወዝተኞች በ2002 ዓ.ም. የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድንም በሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

በር የምታንኳኳው ሴትስ? እርስዋም እኮ ሠራተኛ ናት። የመንግሥት ተቀጣሪ በመሆንዋ የአሠሪና ሠራተኛው ዐዋጅ አይመለከታትም፤ በእርሱ መሠረት ማኅበር መሥርታ ስለ ደመወዝዋ ልትደራደር አትችልም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማ ጥቅም ሲጠይቁ፣ ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ መስሎ የታያቸው ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን በጸሐይ ሐሩር ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው፣ በክረምት ጭቃውን እያቋረጠች ክትባት በበረዶ ሣጥን የምትሸከመው፣ የቤቱን ሁሉ ኑሮ መዝግባ የእርስዋን ኑሮ የሚመዘግብላት ያላገኘችው ሴት ከሁሉ አስቀድማ ልትታሰብ ይገባታል እላለሁ። አንድ ሰው ስለ ሌላው ጤና ሲናገር የሚታመነው፣ የላከው ክፍል ስለ ተላኪው የሚገደው መሆኑ የታየ እንደ ሆነ ነው።

ጊኒ ዎርም እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ ሁለት ዓመት ከሰው ጠፍቶ ቆይቶ፣ በ2020 እንደ ገና 11 ሰዎችን ይዟል፤ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይም በመገኘቱ ፍለጋው ከብዷል። አንዲት አገር ከዚህ ደዌ ነጻ ናት ተብሎ እንዲመሰከርላት፣ ብርቱ ፍለጋ እየተደረገ ሦስት ተከታታይ ዓመታት አንድ ሰው እንኳ ሳይታመም ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ በጋምቤላ የጤና ሥራ የተሾማችሁ፣ እርሻ ያላችሁና ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሁሉ፣ የቀን ሠራተኛው መጠለያ እንደ አንድ መንደር ተቈጥሮ፣ እንደ ኒውላንድ ደጆች ሁሉ በተራው የሚጎበኝ፣ ንጹሕ ውኃም በየዕለቱ የሚቀርብለት ይሁን።